ሚዛኑ ቦርጭን አያይም

አንድ ኢትዮጵያዊ እንውሰድ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቱ 70 ኪሎ። አዲስ አበባ አንድ ክሊኒክ ገብቶ ቢመዘን «ክብደትህ ጤናማ ነው» ይባላል። ይኸው ሰው በማግስቱ አውሮፕላን ተሳፍሮ ለንደን ቢገባና እዚያ ቢመዘን «ክብደትህ ከመጠን አልፏል፤ ስኳርህን ብትታይ ይሻላል» ሊባል ይችላል። በመንገድ ላይ አንድ ኪሎ አልጨመረም። የተለወጠው መስመሩ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በሜትር የተለካውን ቁመታችሁን በራሱ ታባዙና ክብደታችሁን ለእሱ ታካፍላላችሁ። የሚወጣው ቁጥር ቦዲ ማስ ኢንዴክስ፣ በአጭሩ ቢኤምአይ ይባላል። የዚህ ሰውዬ 24.2 ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አጠቃላይ ልኬት ከ18.5 በታች የክብደት ማነስ ነው፤ ከ18.5 እስከ 25 ጤናማ፣ ከ25 እስከ 30 ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት። እኛም አገር የሚሠራው ይኸው ነው።

የእንግሊዝ የጤና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለው ተቋም ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ባሻሻለው መመሪያ፣ ከእስያ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከጥቁር አፍሪካውያን ቤተሰብ ለተወለዱ ሰዎች መስመሩ ዝቅ ይበል ብሏል። ለእነሱ ከመጠን ያለፈ ክብደት ከ23፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ደግሞ ከ27.5 ይጀምራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እነዚህ ሰዎች በስኳርና በልብ በሽታ የሚያዙት በዝቅተኛ ክብደት ላይ እያሉ ነው።

ስለዚህ ለንደን ያለው አበሻ በ23 ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ እስከ 25 ድረስ «አይዞህ፣ ደህና ነህ» እየተባለ ይኖራል። አንድ እናትና አባት የወለዷቸው ሁለት ልጆች በሁለት መስመር ይዳኛሉ ማለት ነው።

ይህ ቁጥር የሚታመን ነው ወይ? የእኔን አቋም ከመነሻው ላስቀምጥ። ቢኤምአይ ሕዝብን ለመቁጠር ጥሩ መሣሪያ ነው። በአንድ ሰው ጤና ላይ ለመፍረድ ግን ብቻውን አይበቃም። እንደ እኛ ላለ ሕዝብ ደግሞ ትልቁ አደጋው ሰውን በከንቱ ማስደንገጡ ሳይሆን በከንቱ ማጽናናቱ ነው።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣ እንይ። ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ያወጣው ቤልጅጋዊው አዶልፍ ኬትሌ ነው። ሰውየው ሐኪም አልነበረም፤ የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ ነበር። ይፈልግ የነበረውም «አማካይ ሰው» የሚለውን ነገር ነው። የብዙ ሰዎችን ቁመትና ክብደት ሰብስቦ፣ ክብደት ከቁመት ጋር በምን ያህል እንደሚያድግ የሚገልጽ ሕግ ፈለገ። ማን ወፍራም ነው፣ ማን ይታመማል የሚለው ጥያቄው አልነበረም።

ቀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ በመጻሕፍት ውስጥ ተኝቶ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሴል ኪስና ባልደረቦቹ አነሱት፤ ዛሬ የምንጠራበትን ስምም ሰጡት። ጥናታቸው ከአምስት አገሮች የተውጣጡ ከ7,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ነበር። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ያገኙትም ቀመሩ በዘመኑ ከነበሩት ሌሎች የክብደትና የቁመት ቀመሮች የማይተናነስ ወይም የሚሻል መሆኑን ነው። ከሌሎቹ ቀመሮች ይሻላል ማለት ግን ለእያንዳንዱ ሰው ይሠራል ማለት አይደለም።

መስመሮቹስ? እነሱም ከሰማይ አልወረዱም። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1998 ድረስ ከመጠን ያለፈ ክብደት ለወንድ ከ27.8፣ ለሴት ከ27.3 ነበር የሚጀምረው። በዚያ ዓመት የአገሪቱ የጤና ተቋማት ለሁሉም ወደ 25 አወረዱት። በአንድ ውሳኔ ወደ 29 ሚሊዮን የሚጠጉ አሜሪካውያን ማታ ጤናማ ሆነው ተኝተው ጠዋት «ከመጠን ያለፈ» ሆነው ተነሡ። ውሳኔው ያለ ምክንያት የተወሰነ ነው እያልኩ አይደለም፤ ከዓለም ጤና ድርጅት ልኬት ጋር ለማስማማትም፣ የጥናት ማስረጃ ይዞም ነው። ግን 25 የሚለው ቁጥር ኮሚቴ ተቀምጦ የተስማማበት እንጂ ተፈጥሮ ያሰመረችው ድንበር አለመሆኑን ልብ በሉ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 72 ኪሎ ሲሆን ጤናማ፣ 72 ኪሎ ተኩል ሲሆን ከመጠን ያለፈ ይባላል። አንድ ጥሩ ምሳ ግማሽ ኪሎ ይመዝናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉድለት እንምጣ። ሚዛን ላይ የሚወጣው አጥንትም፣ ጡንቻም፣ ውኃም፣ ስብም ነው። ሚዛኑ አይለያቸውም። መርካቶ ጭነት ሲያወርድ የሚውል፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ጎረምሳና ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል ባለ ቦርጭ የቢሮ ሠራተኛ እኩል 26 ሊያወጡ ይችላሉ። የሁለቱ ጤና ግን አንድ አይደለም።

ከዚህም የሚብሰው ስቡ የት እንዳለ አለማየቱ ነው። በዳሌና በጭን፣ ከቆዳ ሥር የሚቀመጠው ስብ በአብዛኛው ያን ያህል ጉዳት የለውም። አደገኛው ውስጥ ለውስጥ፣ የሆድ ዕቃን ከብቦ፣ በጉበት ውስጥ የሚከማቸው ነው። ጉበት በስብ ሲሞላ ኢንሱሊን የሚሰጠውን ትእዛዝ መስማት ያቅተዋል። ቆሽት ደግሞ ይህን ለማካካስ ብዙ ኢንሱሊን ሲያመርት ኖሮ አንድ ቀን ይደክማል። ያኔ ስኳር ይመጣል። ደም ግፊቱና የደም ቅባቱም አብረው ይከተላሉ። እጅና እግሩ ቀጭን፣ ፊቱ የከሳ፣ ሆዱ ብቻ ቀደም ቀደም የሚል ሰው ሁላችንም እናውቃለን። እኛ ቦርጭ እንለዋለን፤ አንዳንዴም እንደ ቀልድ እንነካዋለን። ቢኤምአይ ግን ይህን ሰው 23 ብሎ በሰላም ያሰናብተዋል።

ይህ ሁሉ ለማንኛውም የሰው ዘር የሚሠራ ነው። የእኛን ጉዳይ ለብቻው የሚያሳስብ የሚያደርገው የሚከተለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ ዓለም አቀፍ የውፍረት ጥናት መጽሔት ላይ የታተመ ትንተና ነበር። ተመራማሪዎቹ ከተለያዩ ሕዝቦች የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ ዕድሜያቸው፣ ፆታቸውና በሰውነታቸው ውስጥ ያለው የስብ ድርሻ እኩል የሆነ ሰዎች ቢኤምአያቸውም እኩል ነው ወይ? መልሱ አይደለም ሆነ። ከነጮች ጋር ሲነጻጸሩ የቻይናውያን በ1.9፣ የታይላንዳውያን በ2.9፣ የኢንዶኔዥያውያን በ3.2 ያንሳል። የኢትዮጵያውያንስ? በ4.6። በዝርዝሩ ውስጥ ወደ ታች ትልቁ ልዩነት የእኛ ነበር።

ይህን ወደ ተራ ቋንቋ እንመልሰው። አንድ ነጭ አውሮፓዊ 30 ላይ ሲደርስ የሚኖረውን የስብ ድርሻ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ 25 ተኩል አካባቢ እያለ ሊደርስበት ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ የሰውነት አቋማችን ነው። ከመቀመጫ በላይ ያለው አካል አጠር፣ እግር ረዘም፣ አጥንት ቀጠን ያለ ሰው በተፈጥሮው ቢኤምአዩ ዝቅ ይላል። ቁመቱን የሚጨምርለት እግሩ ነው፤ እግር ደግሞ ከደረትና ከሆድ ይልቅ ቀላል ነው። ቀመሩ ይህን አያውቅም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ትንተና አገር አይወክልም። የጋምቤላ ሰው፣ የአፋር ሰው፣ የመንዝ ሰውና የወላይታ ሰው አንድ ዓይነት አቋም የላቸውም። ስለዚህ ነገውኑ መስመራችን 20.4 ይሁን አልልም። የምለው ጉዳዩ ከተነገረ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ማለፉንና እኛ ዛሬም በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ለብሰን መስተዋት ፊት መቆማችንን ነው።

እስያውያኑ ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2004 የዓለም ጤና ድርጅት ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች ለእስያ ሕዝቦች 23 እና 27.5 ተጨማሪ የእርምጃ መነሻ ሆነው እንዲያገለግሉ ሐሳብ አቀረቡ። ጃፓን ውፍረትን ከ25 ጀምራ ትቆጥራለች። ሕንድ ውስጥ ሐኪሞች 23 ላይ ማስጠንቀቅ ይጀምራሉ። እነዚህ አገሮች የራሳቸውን ሕዝብ ለክተው፣ የራሳቸውን መረጃ ይዘው ነው ለውጥ ያመጡት።

እኛስ መረጃ የለንም? አለን። ከአገር ውጭም፣ በአገር ውስጥም።

ከውጭው ልጀምር። በዘመቻ ሙሴና እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን እዚያ ሲደርሱ ስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ በሽታው በፍጥነት ተስፋፋባቸው፤ የእስራኤል ሐኪሞችም ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህን ሲጽፉ ኖረዋል። የሚገርመው ብዙዎቹ ታማሚዎች በቁጥሩ ሲታዩ ወፍራም አለመሆናቸው ነው። ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር፣ ከእርሻና ከእግር መንገድ ወጥተው፣ ነጭ ዳቦና ለስላሳ ወደ ሞላበት፣ አውቶቡስ በር ላይ ወደሚቆምበት ኑሮ ገቡ። ቢኤምአያቸው 25 ሳይሞላ በሽታው ቀደማቸው።

አሁን አዲስ አበባን ተመልከቱ። ሐዋሳን፣ ባሕር ዳርን፣ አዳማን ተመልከቱ። ያ ለውጥ አውሮፕላን ሳይጠይቅ ቤታችን ድረስ መጥቷል። እነሱ ላይ በጥቂት ዓመት የሆነው እኛ ላይ ቀስ እያለ እየሆነ ነው።

ከአገር ውስጥ ደግሞ የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች ሥራ አለ። ፕሮፌሰር ሺታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በገጠር የሚኖሩ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ የስኳር ታማሚዎች ድሃ፣ ወጣትና ቀጫጭን መሆናቸውን አሳዩ፤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር ዓይነት እንደገና ይታይ ሲሉም ጠየቁ። ይህን ዓይነት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 መዝግቦት ነበር፤ በ1999 ደግሞ ከዝርዝሩ አወጣው። ቆይቶ በሚያዝያ 2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና ሰጠው። ስኳር የወፍራሞች፣ የሀብታሞች በሽታ ነው የሚለው ወሬ በእነዚህ ገበሬዎች ላይ ምን ያህል እንደፈረደ አስቡት። ከሲታውን ገበሬ አይቶ ስኳር ይኖርበታል ብሎ የሚጠረጥር ማን ነው?

በዚህ ላይ የረሃብ ታሪካችን አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት በሆላንድ በደረሰው ረሃብ ጊዜ ማኅፀን ውስጥ የነበሩ ልጆች አድገው ሲመረመሩ፣ ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ ደክሞ ተገኝቷል። በማኅፀን የተራበ አካል በልጅነቱ ቆጣቢ ሆኖ ያድጋል፤ ኋላ ጥጋብ ሲመጣ ግን ጥጋቡን መሸከም ይቸግረዋል። የእኛ የ77 ልጆች ዛሬ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ስኳር ሰው የሚፈልግበት ዕድሜ ላይ ናቸው። እነዚህን ሰዎች በ25 መስመር ብቻ መጠበቅ ሌባን በፊት በር እየጠበቁ ጓሮውን ክፍት መተው ነው።

ባህላችንም ለዚህ ያግዛል። «ወፈርክ» እኛ ዘንድ ምርቃት ነው፤ «ተመችቶሃል» ማለት ነው። «ከሳህ» ደግሞ ሐሜት ይከተለዋል፤ ታሟል ወይ፣ ተቸግሯል ወይ ይባላል። የቤቱ አባወራ ቦርጭ የኑሮው ማኅተም ሆኖ ይታያል። በዚህ ላይ ሚዛኑ «ጤናማ ነህ» ካለው ሰውዬው ለምን ብሎ ይመረመራል?

አሁን ለቢኤምአይ ጠበቃ ልቁም፤ ተገቢ ነውና። እንደ አገር ስንቆጥር ይህን ያህል ርካሽና ቀላል መሣሪያ የለም። ሚዛንና ሜትር ይበቃዋል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናታችን መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ውስጥ የክብደት ማነስ ያለባቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 30 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 22 ወርደዋል። በዚያው ዓመት ከመቶ 8ቱ ከመጠን ያለፈ ክብደት ነበራቸው። አንድ አገር በረሃብና በጥጋብ በሽታ በአንድ ጊዜ እየተመታ መሆኑን ያሳየን ይኸው የተናቀ ቀመር ነው። ይህን መጣል ሞኝነት ነው።

ሌላም አለ። ቢኤምአይን መተቸት ለአንዳንዱ ሰበብ ሆኗል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ሆኖ 105 ኪሎ የሚመዝን፣ ጂም በሩን ረግጦ የማያውቅ ሰው «ጡንቻ ነው» ቢል አንሰማውም። የእሱ ቁጥር 36 ነው። በዳር በዳር ላይ፣ ማለትም በጣም ከፍ ሲልም በጣም ዝቅ ሲልም፣ ቢኤምአይ ብዙ አይሳሳትም። የሚሳሳተው መሐል ላይ ነው። አብዛኞቻችን ያለነው ደግሞ መሐል ላይ ነው።

መስመሩን ዝቅ ማድረግ ጤነኛውን ሁሉ ታማሚ ማድረግ ነው፣ የመድኃኒት ነጋዴን ማበልጸግ ነው የሚልም ይኖራል። ከቁም ነገር የሚገባ ስጋት ነው፤ የአሜሪካን የ1998ቱን ነገር ያነሣሁትም ለዚህ ነው። ግን እኔ እያልኩ ያለሁት መድኃኒት ይታዘዝ ሳይሆን ሰው ቀደም ብሎ ይመርመር ነው። የስኳር ምርመራ ጣት ላይ አንዲት ጠብታ ደም ነው። በሌላ በኩል ዘግይቶ የተገኘ ስኳር ዓይን፣ ኩላሊትና እግር ይዞ ይሄዳል። ኩላሊት ማጠቢያ ማሽን ፊት ወረፋ የሚጠብቅ ቤተሰብ ያለው የትኛው እንደሚከብድ ያውቃል።

ዓለምም ወደዚህ እየመጣ ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ቢኤምአይ ለብቻው ፍጹም መለኪያ አለመሆኑን፣ በዋናነትም በነጮች መረጃ ላይ የቆመ መሆኑን አምኖ ከሌሎች መለኪያዎች ጋር እንዲሠራበት ወስኗል። በላንሴት ሥር የተቋቋመ የባለሙያዎች ኮሚሽንም በጥር 2025፣ አንድን ሰው «ውፍረት ይዞታል» ለማለት ቢኤምአይ ብቻ እንደማይበቃ፣ ወገብ መለካት ወይም ስቡን በቀጥታ መመርመር እንደሚያስፈልግ ጽፏል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ለእያንዳንዳችን መልሱ ቤታችን ውስጥ አለ። አንድ ክር ውሰዱ። ከተረከዝ እስከ አናት ቁመታችሁን ለኩበትና ቁረጡት። ለሁለት እጠፉት። ከዚያ ቀበቶ የምታስሩበትን ሳይሆን፣ ከታችኛው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መሐል ያለውን ወገብ፣ አየር አውጥታችሁ፣ ሆድ ሳታስገቡ ክሩን አዙሩበት። ከደረሰ ደግ ነው። ካልደረሰ ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በልጧል ማለት ነውና የስኳር፣ የደም ግፊትና የደም ቅባት ምርመራ አድርጉ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ለሆነ ሰው ወሰኑ 85 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ የባህል መድኃኒት እንዳይመስላችሁ፤ ናይስ ራሱ ከቢኤምአይ ጋር አብሮ እንዲለካ የሚመክረው ነው። ነፍሰ ጡር ሴትን ግን አይመለከትም። ቀጭን ሆናችሁም ብዙ ውኃ የሚያስጠማችሁ፣ ሽንት የሚያመላልሳችሁ ከሆነ ክሩንም ቁጥሩንም ሳትጠብቁ ሂዱና ተመርመሩ።

ለሐኪሞቻችንም ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ገጠር ለገጠር እየዞሩ በሦስት ቀለም ሜትር የሕፃናትን ክንድ ሲለኩ ኖረዋል። ከ11 ሳንቲ ሜትር ተኩል በታች ቀይ ነው፣ ሕፃኑ ቶሎ ይታከማል። ያቺ ቁራጭ ሜትር የስንቱን ልጅ ነፍስ አትርፋለች። የሕፃንን ረሃብ በሜትር መለየት ከቻልን የአዋቂን ቦርጭ በሜትር መለየት አያቅተንም። በየጤና ጣቢያው ሚዛን አጠገብ አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ማንጠልጠል በጀት አይጠይቅም።

ለጤና ሚኒስቴርና ለኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ደግሞ ጥያቄ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ ክብደት፣ ቁመት፣ ወገብ፣ ደም ግፊትና የደም ስኳር የተለካበት ጥናት አካሂዳችኋል። የሕዝባችን ስኳርና ግፊት ከየትኛው ቢኤምአይ፣ ከየትኛው ወገብ ጀምሮ እንደሚጨምር ከዚያ መረጃ መነሻ ማግኘት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ሰዎቹን ለዓመታት እየተከታተሉ ሊያጠሩት ይችላሉ። ጃፓንና ሕንድ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ለአበሻ የሚሆነውን መስመር ለንደን ላይ ከተጻፈ መመሪያ መማራችን ትንሽ ሊያሳፍረን ይገባል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ሚዛኑ ዝም ስላለ እሳት የለም ማለት አይደለም። ዛሬ ማታ አንድ ክር ፈልጉ፤ ለራሳችሁ ብቻ ሳይሆን አርባ ዓመት ላለፈው አባወራ፣ «እኔ እኮ ቀጭን ነኝ» ለምትለው እኅታችሁም ለኩበት።